የቧንቧው ካፖርት

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ዛሬ ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። ጠዋት አውቶቡስ አመለጠኝ። በቀጣዩ ቆሜ ሄድኩ። አንድ ሰውዬ እግሬን ረገጠኝና ራሱ ተቆጣ… ይቅርታ ጠየቅኩት። ለምን እንደጠየቅኩት እስካሁን አልገባኝም።

ማርማላታ ፋብሪካው ውስጥ የመሣሪያ ቴክኒሻን ሆኜ ከገባሁ መንፈቅ ሊሞላኝ ነው። የሙከራ ጊዜዬ በዚህ ወር ያልቃል። ከዚያ ወይ ቋሚ፣ ወይ ቤቴ። እማዬ ማታ በር ስትከፍትልኝ ከሰላምታ በፊት "ዛሬም አላባረሩሽም?" ትላለች። ቀልድ ነው ብዬ ልስቅ እልና ፊቷን ሳየው እተወዋለሁ።

ከሰዓት የጥገና አለቃው ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ካርቶን። "ክፈቻት" አለ። የሙቀት ትራንስሚተር። ክብ፣ ከመዳፌ ያነሰች። ሥራዋ ቀላል ነው፤ ማርማላታው ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ሙቀቱን ከሚለካው ሴንሰር ትሰማና በሁለት ቀጭን ሽቦ ላይኛው ፎቅ መቆጣጠሪያ ክፍል ላለው ስክሪን ትናገራለች። ስክሪኑ ደግሞ የእንፋሎቱን ቫልቭ ያዛል። ሲበርድ ይከፍታል፣ ሲግል ይዘጋል። እስከ ዛሬ ይህን የሚያደርጉት የማብሰያ ክፍሉ ሴቶች ናቸው፤ ድስቱ ላይ ያለውን ባለ ቀስት መለኪያ እያዩ፣ ቫልቩን በእጅ እያዞሩ።

"ይቺ በትክክል ከሠራች ቋሚ ነሽ።"

"ካልሠራችስ?" ማለት አልነበረብኝም። አልኩ።

"ካልሠራች የውጭ ድርጅት እጠራለሁ። አንቺንም አመሰግናለሁ።"

ምስጋናው ነው ያስፈራኝ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ዎርክሾፕ። ትራንስሚተሯን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ ከዜሮ እስከ መቶ ሃያ ዲግሪ እንድትናገር አዘዝኳት። የሴንሰሩ ሽቦ ከተቆረጠ ደግሞ ዝም እንዳትል፤ ከልክ በላይ ጋለ ብላ እንድትጮህና እንፋሎቱ እንዲዘጋ። ስትታመም የምትናገር… ከእኔ ትሻላለች።

ከዚያ ፈተና። አንድ ሳህን በረዶ፣ አንድ ሳህን ሙቅ ውሃ፣ መሃል ላይ የማመሳከሪያው ቴርሞሜትር። የፋብሪካው በያጅ ገባና ሳህኖቹን አየ። "እግርሽን ልትታጠቢ ነው?" አለ። ሴንሰሩን በየተራ ነከርኩት። ከቴርሞሜትሩ ጋር ልክ ለልክ ሆነች። በያጁ ከሄደ በኋላ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ከአለቃው ጋር ተጣላን። ተጣላን እንኳ አይባልም፤ እሱ ተናገረ፣ እኔ ተሸነፍኩ።

ሴንሰሩ የሚገባው ከድስቱ ወጥቶ ወደ ድስቱ በሚመለሰው ቧንቧ ላይ ነው። ቧንቧው ይበሳና ለሴንሰሩ የብረት ኪስ ይበየድለት፣ ሴንሰሩ ማርማላታው መሃል ይግባ አልኩ። ማንኛውም ሰው የሚለው ነው። አለቃው ቧንቧውን በመዳፉ ዳሰሰው። ከዳር እስከ ዳር። ልጆቹን እንዲህ ዳብሷቸው ያውቅ ይሆን?

"ይህ ቧንቧ አንድ ጠባሳ የለበትም። እኔ ነኝ ያስገጠምኩት። አይበሳም።"

"ታዲያ ሴንሰሩ…"

"ከላይ እሠሪው።"

ከላይ አሰርኩት። ሙቀት የሚያስተላልፈውን ነጭ ቅባት ጥሩ አድርጌ ቀባሁ፣ በብረት ቀበቶ ጠፈርኩት፣ ከዚያ ቧንቧውን የሚሸፍነውን ወፍራም መከላከያ አለበስኩት። ሴቶቹ መከላከያውን "ካፖርቱ" ነው የሚሉት። እውነትም ዘለበት ያለው ካፖርት ነው። አሥሬ ይፈታል፣ አሥሬ ይታሰራል።

ማታ ላይ ኃይል ለቀቅኩ። ስክሪኑ ባዶ። ክዳኗን ከፍቼ አየሁ… ሁለቱን ሽቦዎች አዟዙሬ አስሬያቸው ነው። ፕላሱ ማይነሱ ጋ፣ ማይነሱ ፕላሱ ጋ። ቶሎ አስተካከልኩ። ማንም አላየኝም። አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው፣ ማስታወሻዬ፤ ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ሠራች። ሰማንያ አምስት ላይ ቀጥ ያለ መስመር። አለቃው ስክሪኑን አይቶ "እህ" አለ። እሱ "እህ" ካለ ሌላው ሰው እቅፍ አበባ ሰጠ ማለት ነው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ መስመሩ ወረደ። ሰማንያ ሦስት… ሰማንያ… ሰባ ስምንት። ቫልቩ በረደ ብሎ እንፋሎቱን ለቀቀ። ደረጃውን በሁለት በሁለት ወርጄ ስደርስ ቧንቧው ሰላም፣ ካፖርቱ ታስሯል፣ መስመሩም ሽቅብ እየሄደ ነው። ማርማላታው ግን ትንሽ ጠቁሯል።

"ምንድነው?" አለ አለቃው።

"እየተላመደች ነው።"

ምን ማለት ነው እየተላመደች? ሙሽራ ናት?

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

እንደገና። ያው ሰዓት። ብሎኖቹን ሁሉ አጠበቅኩ። የላላ አልነበረም።

ምሳዬን ዎርክሾፕ ውስጥ ብቻዬን በላሁ። የቀዘቀዘ ድንች። ግድግዳው ማዶ የማብሰያ ክፍሉ ሴቶች ሲስቁ ይሰማል። እነሱ ጋ ተቀምጬ አላውቅም፤ ከመጣሁ ጀምሮ እንጀራቸውን ልነጥቅ እንደመጣሁ ነው የሚያዩኝ። ቫልቭ የሚያዞር ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው እንዴት ይታይ?

አውራቸው እትዬ ጄኔራል ናቸው። እሳቸው ሲቆጡ ድስቱም መፍላት ያቆማል ይባላል። ዛሬ በበሩ ሲያልፉ ቆም ብለው ድንቹን አዩት፣ ከዚያ እኔን።

"ነገ ምሳሽን ጠዋት ለእኔ ስጪኝ።"

"ለምን?"

"ቀዝቃዛ የሚበላ ሰው ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል።"

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ትኩስ ምሳ በላሁ። እማዬ ባለ ሦስት ድርቡን ምሳ ዕቃ ነበር የሞላችው፤ ሩዝ፣ ምስር፣ እንቁላል። ሁሉም እንፋሎት እየወጣው መጣ። ምድጃ አላቸው መሰለኝ። ሴቶቹ መሃል አስቀመጡኝ፣ ከእንቁላሉ ቀመሱ፣ እትዬ ጄኔራል "ልጃችን ከሲታ ናት፣ ትብላ" አሉ። ልጃችን አሉኝ። እስቲ እንደገና ልጻፈው… ልጃችን።

ያቺ ትራንስሚተር ግን ደስታዬን እንኳ በቅጡ አታስጨርሰኝም። ዛሬ ሰባ አራት ድረስ ወረደች።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ደረስኩበት። ፀሐይ ናት። ቀትር ላይ በመስኮቱ ገብታ ትራንስሚተሯ ራስ ላይ ታርፋለች። ካርቶን ቆርጬ ጥላ ሠራሁላት። ለአለቃውም አፌን ሞልቼ አስረዳሁት።

"ፀሐይ ማሞቅ ትታ ማቀዝቀዝ ጀመረች?" አለ በያጁ።

"አንተ ኤሌክትሮኒክስ አታውቅም" አልኩት።

ቀትር ላይ ወረደች። ከነጥላዋ።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ሴንሰሩን በአዲስ ቀየርኩ። ምናልባት የመበየጃው ማሽን እየረበሻት ይሆናል ብዬ በያጁን ቀትር ላይ እንዳይሠራ ለመንኩት። በደስታ ተቀበለኝ። ተኛ።

ወረደች። ይኸኛው ከሁሉም የከፋ ነው። ቫልቩ በሰፊው ተከፍቶ ሲቆይ አንድ ሙሉ ድስት አረረ። መልኩ የጫማ ቀለም። ሽታው ግቢው በር ድረስ። አለቃው ማንኪያ ነክሮ አየው፣ ማንኪያውን መልሶ አስቀመጠው፣ እኔን አየኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"እስከ መጪው ዓርብ" አለ። "ከዚያ ሌላ ሰው ይመጣል።"

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

እማዬ ዕቃ እያጠበች ትነጫነጫለች። የምሳ ዕቃዬ ቂጥ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ አይለቅም። "ምን ላይ ነው የምታስቀምጪው?"

"እማዬ፣ በናትሽ ተይኝ። የራሴ ጭንቅ አለኝ።"

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ዛሬም ወረደች። መጻፍ ሰለቸኝ።

ማታ እማዬ የምሳ ዕቃውን አምጥታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። "ብፍቀው ብፍቀው ወይ ፍንክች። ይሄ ነገር መርዝ ቢሆንስ?" ልቆጣ ብዬ አየሁት። ነጭ። የሚያሙለጨልጭ። በጣቴ አሸት አደረግኩት…

የእኔ ቅባት ነው። ሴንሰሩ ሥር የቀባሁት።

መጀመሪያ ሳቅኩ። እንባዬ እስኪመጣ። እማዬ ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ስድስት ሰዓት። ትኩስ ሩዝ። ካፖርቱ። ምድጃ የላቸውም። ከእኔ ምሳ ዕቃ የሚበልጥ ደግሞ እዚያ ቤት የለም።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

ከምሳ በፊት በድስቶቹ ጀርባ ዞሬ ሄድኩ። ካፖርቱ ሆዱ ተነፍቷል፤ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ነው የሚመስለው። ዘለበቱን ፈታሁ። ምሳ ዕቃዎች ቧንቧውን ተደግፈው ተደርድረዋል። የእኔው ባለ ሦስት ድርብ በትክክል ሴንሰሩ ላይ።

እትዬ ጄኔራል ከኋላዬ ቆመው ነበር። "ይቺን ቦታ ለአንቺ ነው የማስቀምጣት" አሉ። "ነጭ ቅባት ያለባት ቦታ ቶሎ ታሞቃለች። አንቺ ደግሞ ከሲታ ነሽ።"

ቶሎ ታሞቃለች፤ እንድታሞቅ እኮ ነው የቀባኋት።

ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ቀዝቃዛ ምሳ ዕቃ ሴንሰሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ስክሪኑ ማርማላታው በረደ ይላል፣ እንፋሎት ይለቀቃል፣ ማርማላታው ያርራል። ቫልቩን በእጅ ሲያዞሩ ግን ምሳው ማንንም አልጎዳም ነበር። ፊታቸው ቀስ እያለ ተቀየረ። ጄኔራልነታቸው ጠፋ።

"የዓርቡን ድስት ያሳረርነው እኛ ነን?"

"አላወቃችሁም።"

"አለቃሽ ቢያውቅ… ልጄ፣ ጡረታ ለመውጣት ትንሽ ነው የቀረኝ።"

እትዬ ጄኔራል እንዲህ ሲለምኑ ልሰማ አልቻልኩም። ርዕሱን ልለውጥ ብዬ ጥግ ላይ ያለውን ቢጫ ምሳ ዕቃ አነሳሁ። "ይሄስ የማን ነው?"

"የአለቃሽ ነዋ። ጠዋት ቢሮው ሄጄ አመጣለሁ፣ ሲሞቅ እመልሳለሁ። የት እንደሚሞቅ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።"

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ተስማማን። ከዛሬ ጀምሮ ካፖርቱ ውስጥ ምንም አይገባም። እኔም ዝም፣ እነሱም ዝም። ቀትር ላይ መስመሩ ክር ሆኖ አለፈ። አለቃው "እህ" አለ።

አሸነፍኩ ማለት ነው አይደል?

ሴቶቹ ጋ ገብቼ ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ማካሮኒ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም ከማንም ሳህን አልቀመሰም። የእንቁላሌን ግማሽ ለእትዬ ጄኔራል ሰጠሁ፤ "ጠግቤያለሁ" አሉ። አልጠገቡም። ሥራዬን ከማጣት ይሄ ይሻላል ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ።

ሳንጨርስ ከላይ ስልክ ተደወለ። አለቃው ነው። ምሳዬ ለምን ቀዘቀዘ ይላል።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

ጉድ ፈላ። እትዬ ጄኔራል ተጨንቀው የእሱን ብቻ አስገቡለት። ያቺን ቢጫ። ቶሎ እንድትሞቅ ደግሞ የት አስቀመጧት? ቅባቱ ላይ።

ሰባ ዘጠኝ።

አለቃው ጠራኝ። ቢሮው ግድግዳ ላይ ሌላ ስክሪን አለው፤ መስመሩ ቁልቁል የወረደበትን ቦታ በሹካ አሳየኝ። ሹካው ላይ ድንች ነበር፣ እንፋሎት የሚወጣው። "ትናንት ድናለች ብዬ ነበር" አለ አፉ ሞልቶ። "ነገ ዓርብ ነው።"

ሹካውን አየሁ። ስክሪኑን አየሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር… እትዬ ጄኔራል ትዝ አሉኝና ዋጥኩት። ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ንዴት ነው እንጂ ሐዘን አይደለም። እሱ የሚበላው ምሳ እኔን ሊያባርረኝ ነው።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ማድረጌን ገና አላመንኩም።

ጠዋት እትዬ ጄኔራልን "ዛሬም የእሱን አስገቡለት" አልኳቸው። "አብደሻል?" አሉ። አስገቡ። ቀትር ላይ የማመሳከሪያውን ቴርሞሜትር ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። አለቃው ቢጫውን ከፍቶ ሊጀምር ነው።

"ምን ፈለግሽ?"

"ይቅርታ" ብዬ ቴርሞሜትሩን ሩዙ ውስጥ ሰካሁት።

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። "ምን እያደረግሽ ነው?"

"እያነበብኩ ነው… ስልሳ ስድስት። እዚህ ፎቅ ላይ ምድጃ የለም፣ ታችም የለም። ምሳዎ የት የሞቀ ይመስልዎታል?"

አፉን ከፈተ። ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን አየ፤ መስመሩ ቅድም ቁልቁል እንደወረደ ይታያል። ምሳውን አየ። እንደገና ስክሪኑን። መጀመሪያ የቀላው ጆሮው ነው።

"የሁላችንም እዚያው ነበር" አልኩ። "የእኔማ ትልቁ ነው፣ ባለ ሦስት ድርብ። ረቡዕ ሁላችንም አውጥተን መስመሩ ቀጥ አለ። ከዚያ እርስዎ ምሳዬ ቀዘቀዘ አሉ። የትናንቱና የዛሬው የእርስዎ ብቻ ነው። የሚቀጡ ከሆነ ሁላችንንም ይቅጡ፣ ራስዎንም ጨምረው።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ?

ቴርሞሜትሩን ከሩዙ አወጣ፣ በመሐረብ ጠርጎ ሰጠኝ። ከዚያ ሰምቼው በማላውቀው ትንሽ ድምፅ፣ "ቀዝቃዛ ስበላ ጨጓራዬን ያመኛል" አለ።

አሳዘነኝ። እውነቴን ነው። ያ ሁሉ ቁጣ የት ሄደ?

"እና ምን ይሻላል?"

"ቧንቧው ይበሳ። ሴንሰሩ ማርማላታው ውስጥ ከገባ ውጭ ምን ቢቀመጥ ግድ የለውም።"

ዓይኑን ጨፈነ። "አንድ ቦታ ብቻ።"

"አንድ ቦታ።"

"ትንሽ።"

"በጣም ትንሽ።"

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ተበሳ። አለቃው በእረፍት ቀኑ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። መብሻው ቧንቧውን ሲነካ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። "አለቃ፣ አያመውም" አለ በያጁ። አልሳቀም። ኪሱ ተበየደ፣ ብየዳው በውሃ ግፊት ተፈተነ፣ አንዲት ጠብታ አልወጣም። ሴንሰሩን አስገባሁ። የሽቦዎቹን ፕላስና ማይነስ ደግሜ ደጋግሜ አየሁ።

አለቃው ሊሄድ ሲል ተመልሶ ብየዳውን በጣቱ ነካው። "ደህና ነው" አለ። ለራሱ መሰለኝ።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ካፖርቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሁሉም ምሳ ገብቷል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ ፊት ትንፋሼን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰማንያ አምስት። ሰማንያ አምስት። ሰማንያ አምስት። ድስቱ አምሮበታል፣ ማርማላታውም የብርቱካን መልኩን ይዟል።

ኅዳር 27፣ ሐሙስ

ቋሚ ሆንኩ። ጠዋት ነገረኝ፤ ደረጃ ላይ፣ እየሄደ፣ ሳያየኝ። "ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ቋሚ ነሽ።" ልመልስለት ስል ሁለት ደረጃ ወርዶ ነበር።

ቀትር ላይ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ስልክ ጮኸ። አለቃው። ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

"መስመሩ አልወረደም።"

"አዎ፣ ከእንግዲህ አይወርድም። ተስተካክሏል እኮ።"

ጠረጴዛውን በማንኪያ ሲያንኳኳ ይሰማኛል።

"አይደለም… መስመሩ ወረደ ማለት ምሳ ገባ ማለት ነበር። አሁን በምን ልወቅ? ገብቷል ወይ?"

ሳቄን በእጄ አፈንኩት። "እኔ ከላይ ሆኜ አይታየኝም። ካፖርቱን የያዙት እትዬ ጄኔራል ናቸው። ወርደው ይጠይቋቸው።"

ስልኩን ዘጋ። ተቀየመ ብዬ ደነገጥኩ። ትንሽ ቆይቶ በመስታወቱ በኩል አለፈ፤ ኮቱን አውልቋል፣ የራሱን ማንኪያ በእጁ ይዟል፣ ደረጃውን ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከታች የእትዬ ጄኔራል ድምፅ መጣ፣ "ምን ቆመሃል፣ ተቀመጥ እንጂ፣ ልጄ።" ከዚያ ወንበር ሲሳብ።

ስክሪኑን አየሁት። ሰማንያ አምስት። እንደ ሁልጊዜው ተቀምጬ ልጠብቀው ብዬ ነበር… ምን ልጠብቅ? ብቻውን ትቼው ወረድኩ።